ክትባት መስሎኝ የነበረው መርፌ

ፈረሴ ዳሚት ከሞተች ሰባት ወር ሆናት። ልጽፈው እያልኩ ስተወው፣ ስጀምረው ሲከብደኝ ቆይቻለሁ። የምጽፈው ፈረስ ላላችሁና የሰው ፈረስ ለምትጠብቁ ሁሉ ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጋጣ ተከራይታችሁ ለያዛችሁ፣ ዓረብ አገር የባለሀብት ፈረስ ስታጥቡና ስትመግቡ ለምትውሉ፣ አገር ቤትም በጋሪ ፈረስ ቤተሰብ ለምታስተዳድሩ። ያኔ አንድ ሰው በሚገባኝ ቋንቋ ቁጭ አድርጎ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ የምለውን ነው የምነግራችሁ።

ያደግኩት እንጅባራ አጠገብ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲደርስ አባቴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው የፈረሳቸውን ጋማ ያበጥራሉ፣ ኮርቻውን ያሰማምራሉ፤ እኔ ልጓሙን ይዤ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ እጠብቃለሁ። ስለዚህ ፈረስ አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። አሜሪካ መጥቼ ማታ ማታ መኪና እየነዳሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሜሪላንድ ውስጥ ፍሬድሪክ አካባቢ ባለ አንድ እርሻ ጋጣ መጥረግ የጀመርኩትም ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። የድርቆሽና የፈረስ ላብ ሽታ የትም አገር አንድ ነው፤ እሱ ነው የጠራኝ።

ባለፈው ዓመት ጁን ላይ ፔንስልቬንያ ውስጥ ከሚካሄድ የፈረስ ጨረታ አንዲት ዳማ ባዝራ በ900 ዶላር ገዛሁ። ጥርሷ ታይቶ ዕድሜዋ 14 ገደማ ተባለ። ከማን ቤት እንደመጣች፣ ምን ክትባት እንደወሰደች የሚናገር አንድም ወረቀት አልነበራትም። ዳሚት አልኳት። ጠዋት የመኪናዬን ድምፅ ስትሰማ አንገቷን ከበሩ በላይ አውጥታ የምትጠብቀኝ ፈረስ ነበረች። ክትባቷን "ሙቀቱ ሲበርድ አስጀምራታለሁ" ብዬ አዘገየሁት። ይህን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የኋላው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ኦገስት 24 ቀን አመሻሽ ላይ አጥር አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ሽቦ የኋላ ግራ እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ሰንጥቆት ሥጋው ተገልጦ ይታያል። ተረኛው ሐኪም መጣ፤ አጠበ፣ ሰፋ፣ አሰረ። "የቴታነስ ክትባት አላት?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሁለት መርፌ አዘጋጀና አንዱን በአንገቷ ቀኝ፣ ሌላውን በግራ በኩል ወጋት። "ሁለቱም የቴታነስ ናቸው" ብሎኝ ሄደ። ደረሰኙን እንደ ልማዴ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ሐኪሙን አልወቅሰውም። የፈረስ ቴታነስ፣ እኛ መንጋጋ ቆልፍ የምንለው፣ የያዘውን ፈረስ በአብዛኛው ይገድላል። ቁስሏ ጥልቅ ነበር፤ የተከተበች መሆኗን የሚያሳይ ነገር አልነበረም። እሱ ያደረገውን ሌላ ሐኪምም ያደርገው ነበር። የማዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ከሁለቱ መርፌዎች አንዱ ከሌላው ፈጽሞ የተለየ መሆኑን፣ ለሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ወራት ምን ምን መጠበቅ እንዳለብኝ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቁስሏ ጥሩ አድርጎ ዳነ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ክሩም ወጣ፣ ሜዳ ላይ መሮጥ ጀመረች። እግሯን ሳይ አምላኬን አመሰግን ነበር።

ኦክቶበር 11 ማታ ስደርስ እህሏን ግማሽ ትታለች። ትንሽ ፈዘዝ ብላለች። ከንፈሯን ገልጬ ድዷን አየሁት፤ ደህና መሰለኝ። የጋጣው አምፖል ግን ቢጫ ነው፤ በቢጫ መብራት ሥር ሁሉም ነገር ቢጫ ነው። ፈረስ ከጠረጠራችሁ በቀን ብርሃን፣ በር ላይ አውጥታችሁ እዩት። እኔ ያንን ሌሊት የከሰርኩት በዚህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንገቷን አላወጣችም። ከጋጣው ጥግ ቆማ ታዛጋለች። አንዴ ሁለቴ አይደለም፤ አፏን እስከ መጨረሻው እየከፈተች፣ ዓይኗን እያንከባለለች፣ በየደቂቃው። ሆዷን የያዛት መስሎኝ ላንሸራሽራት ስወስዳት እግሯ እንደሰከረ ሰው ይጠላለፋል። ስትሸና የወረደው እንደ ጥቁር ጠላ ነበር። እርሻው ላይ ያለው ሰው ሐኪም እየጠራ እያለ እኔ አባቴ ጋ ደወልኩ፤ እነሱ ጋ ከሰዓት በኋላ ሆኗል።

"የዓይኗን ቆብ ገልጠህ ነጩን እየው" አሉኝ።

በሩ ላይ ወደ ብርሃን አዞርኳትና ገለጥኩት። ነጩ ነጭ አልነበረም። የእርድ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይመስል ነበር። ድዷም፣ የምላሷ ሥርም እንደዚያው።

"አባዬ፣ ቢጫ ነው።"

ዝም አሉ። ከዚያ "የወፍ በሽታ ነው፣ ልጄ። ሰው ላይ አይቻለሁ፤ ፈረስ ላይ ግን እንዲህ ሲሆን አላየሁም። ጉበቷን ነው የያዛት" አሉ። ከአሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆነው፣ በስልክ፣ በሽታዋ ያለበትን ቦታ አገኙት።

የመጣችው ሐኪም ሌላ ናት፤ ወጣት፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ዳሚትን ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ አየቻት። ያን ሰዓት ዳሚት ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በሙሉ ኃይሏ ትገፋ ነበር። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ምግቧ አልነበረም። "ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ከፈረስ ደም የተሠራ ነገር ተሰጥቷታል?" አለችኝ።

"የለም። ክትባት ብቻ፣ የቴታነስ።"

"ወረቀቱን አሳየኝ።"

ፎቶውን ከፈትኩላት። በሁለት ጣቷ እያሰፋች አነበበችና አንዱ መስመር ላይ ቆመች፦ ቴታነስ አንቲቶክሲን፣ 1,500 ዩኒት። ከዚያ ቀኑን ቆጠረች። ልክ ሰባት ሳምንት።

አንቲቶክሲን ክትባት አይደለም። ይህን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር፤ ከጠየቅኳቸው የፈረስ ባለቤቶችም ብዙዎቹ አያውቁም። ክትባቱ፣ ቶክሶይድ የሚባለው፣ የፈረሱ ሰውነት ራሱ መከላከያውን እንዲሠራ ያደርጋል፤ ሁለት ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ልዩነት ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል፤ ለመሥራትም ጊዜ ይፈልጋል። አንቲቶክሲኑ ደግሞ ሴረም ነው። ሌላ ፈረስ ቀድሞ ተከትቦ በደሙ ውስጥ የሠራውን መከላከያ ወስደው፣ አጣርተው፣ ለቆሰለው ፈረስ ይሰጡታል። ወዲያው ይሠራል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቆት ይጠፋል። የጎረቤት እንጀራ በሉት። የተራበን ወዲያው ያጠግባል፤ ምጣዱ ግን የጎረቤት ነውና ምን እንደነካው አታዩም። ደሙን የሰጠው ፈረስ ቫይረስ ካለበት ቫይረሱም አብሮ ይመጣል።

በሽታው የቴይለር በሽታ ይባላል። ሐኪሟ ስሙን ስትነግረኝ የመጣበትን አገር ጨምራ ነገረችኝ፤ አፍሪካ መሆኑን ስሰማ ደነገጥኩ። አርኖልድ ቴይለር ስዊዘርላንድ ተወልዶ ደቡብ አፍሪካ የሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል፣ እኛም አገር በየክረምቱ ማብቂያ ፈረስ የሚፈጀውን የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ለመከላከል ለብዙ ፈረሶች ሕያው ቫይረስና ከዳኑ ፈረሶች የተወሰደ ሴረም አብሮ ይሰጣቸው ነበር። ከሳምንታት በኋላ አንዳንዶቹ ቢጫ ሆነው፣ አእምሯቸውን ስተው ሞቱ። ጉበታቸው ጠውልጎ ነበር። ቴይለር ይህን በ1919 ጻፈው። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ግን መቶ ዓመት ገደማ ሳይታወቅ ቀረ።

በነገራችን ላይ የዚሁ ሰው ልጅ ማክስ ቴይለር ለሰው የቢጫ ወባ ክትባት ሠርቶ በ1951 ኖቤል ተሸልሟል። ያው ክትባት በ1942 ለአሜሪካ ወታደሮች ሲሰጥ የሰው ሴረም ተቀላቅሎበት ስለነበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች የጉበት በሽታ ያዛቸው፤ በሴረሙ ውስጥ የነበረው ሄፓታይተስ ቢ ነበር። አባት በፈረስ ላይ ያየው ነገር በልጁ ክትባት በሰው ላይ ደረሰ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከነክነኛል።

የፈረሱ ምክንያት የተገኘው በቅርቡ ነው። ኔብራስካ ውስጥ አንድ ፈረስ የቴታነስ አንቲቶክሲን ከወሰደ ከ65 ቀን በኋላ ሞተ። ጉበቱም የተሰጠው ሴረምም ሲመረመሩ በሁለቱም ውስጥ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ፓርቮቫይረስ ተገኘ። ሴረሙ ለሁለት ጤነኛ ፈረሶች ሲሰጥ ሁለቱም በቫይረሱ ተይዘው ጉበታቸው ታመመ። ይህ በ2018 ታትሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ በቴይለር በሽታ የሞቱ ፈረሶች ጉበት ሲመረመር በሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይኸው ቫይረስ ነው የተገኘው። ሌላም አለ፦ በ2012 ፈረስ ላይ የተገኘውና ከሰው ሄፓታይተስ ሲ ጋር በጣም የሚዛመደው ሄፓሲቫይረስ። እሱ ጉበትን በመጠኑ ያሳምማል እንጂ እንዲህ በሁለት ቀን የሚገድለው ፓርቮው ነው።

ፓርቮውም ቢሆን የያዘውን ሁሉ አያሳምምም። በዚያው ጥናት ከ100 የአሜሪካ ፈረሶች ደም ውስጥ በ13ቱ ቫይረሱ ተገኝቷል፤ ምንም ሳይሆኑ ሲበሉና ሲሮጡ ነበር። ቀደም ሲል ሴረም የተሰጣቸው ፈረሶች ሲቆጠሩም ከመቶው አንድ ወይም ሁለቱ ናቸው የታመሙት። ዳሚት ከእነዚያ መካከል ሆነች። ከታመሙ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አንጎላቸው ከተነካ አብዛኞቹ አይተርፉም። ሐኪሟ ይህን ሳትደብቅ ነገረችኝ፣ ለዚህም አከብራታለሁ።

አንጎል ከጉበት ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ፈረስ የሚበላው ፕሮቲን አንጀቱ ውስጥ ሲፈርስ አሞኒያ ይወጣዋል። ጤነኛ ጉበት ያንን ያጣራል። ጉበት ሲሞት አሞኒያው በደም ወደ አንጎል ይሄዳል። ማዛጋቱ፣ ግድግዳ መግፋቱ፣ በአንድ አቅጣጫ መዞሩ፣ ዓይን እያየ አለማየቱ ከዚያ ነው። ያን ቀን ጠዋት ሆዷ ነው ብዬ ሳንሸራሽራት ሌላ ዓለም ውስጥ ነበረች። እንዲህ ያለ ፈረስ ሰው ላይ ሊወድቅ፣ ሳያውቅ ሊረግጥ ይችላል፤ ጋጣ ውስጥ ከእሱና ከግድግዳ መካከል አትግቡ።

ደሟ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተመረመረ። የጉበት ኢንዛይሞቿ ሁሉ ጣሪያ ነክተዋል፣ የደም ስኳሯ ወርዷል፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢንም በደሟ ውስጥ ከልክ በላይ ወጥቶ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፈረስ ሐሞት ከረጢት የለውም፤ ሁለትና ሦስት ቀን ምግብ ካልበላ ጉበቱ ደህና ሆኖም ዓይኑ በትንሹ ቢጫ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቢጫ ባያችሁ ቁጥር ተስፋ አትቁረጡ፣ ደም ይመርመር። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ቢጫነት የሚያመጣ ሌላም አለ፤ መዥገር የሚያስተላልፈው የደም በሽታ ቀይ ደሙን ያፈርስና ዓይኑንም ሽንቱንም ይለውጣል፣ መርዛም አረምም ጉበት ያበላሻል። ለእነዚህ ሕክምናው ሌላ ነው። የዓይን ቀለም ሐኪም እንድትጠሩ ያሳስባችኋል እንጂ መድኃኒቱን አይነግራችሁም።

ለዳሚት የተደረገላት ይህ ነው። ጋጣውን አጨለምን፣ ሬዲዮ አጠፋን፣ ሌሎቹን ፈረሶች አራቅን። በደም ሥሯ ስኳር ያለበት ፈሳሽ ገባላት። አሞኒያውን አንጀቷ ውስጥ እንዲይዝ በአፏ ላክቱሎስ ተሰጣት። እንዳትጋጭ በጣም ትንሽ ማረጋጊያ ወሰደች፤ ማረጋጊያውን ጉበት ነው የሚያስወግደውና የታመመ ጉበት ያለው ፈረስ ላይ መጠኑ በጥንቃቄ ነው፣ ማንም ከመደርደሪያው ያገኘውን አይወጋ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። የሚደረገው ሁሉ ጉበቱ ራሱን እስኪያድስ ፈረሱን በሕይወት ማቆየት ነው። ጉበት ራሱን የሚያድስ አካል ስለሆነም ተስፋው ባዶ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት ያለፈና መብላቱን የቀጠለ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ይድናል፣ ሲድንም ሙሉ በሙሉ ነው። ይህን እየደጋገመች ነገረችኝ። እኔም በዚያ ቃል ላይ ተንጠለጠልኩ።

ያን ሌሊት በሩ ላይ ተቀምጬ አደርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ለአንድ አፍታ ተመለሰች። ግድግዳውን ተወች፣ ዞረች፣ ትከሻዬን አሸተተችና ከእጄ ላይ አንዲት ጭብጥ ድርቆሽ ወሰደች። አላኘከችውም። ከንፈሯ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ምን እንደምታደርግበት የረሳች ይመስል። ከሁሉ የማልረሳው ያንን ድርቆሽ ነው።

በማግስቱ ሙሉ ቀን ታገለች። ኦክቶበር 14 ሊነጋ ሲል ወደቀች፣ መንቀጥቀጥ ጀመራት፣ መነሳት አልቻለችም። ሐኪሟ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። በመርፌ እንድታርፍ ፈቀድኩ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ "ዳሚቴ" እያልኳት ነው የሄደችው።

ሬሳዋ እንዲመረመር ተስማማሁ። ይህን ለመወሰን ከባድ ነው፤ በእኛ ባህል የሚወዱትን ማስከፈት አይዋጥም። ግን አድርጉት። ጉበቷ ትንሽና ልፍስፍስ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚታጠፍ ሆኖ ተገኘ። ከሳምንት በኋላ የፒሲአር ውጤቱ መጣ፤ ፓርቮቫይረሱ ነበር። ያ ውጤት ባይኖር ኖሮ በዚያው ጋጣ የሚኖሩትን ስድስት ፈረሶች ማንም አይመረምርም ነበር።

ተመረመሩ። ሁለቱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ፤ ሴረም ወስደው አያውቁም። አብረው በሚኖሩ ፈረሶች መካከል ቫይረሱ ሴረም ሳይወስዱም እንደሚገኝ ያወቅነው ያኔ ነው። አንደኛው ምንም የለበትም። ሁለተኛው፣ የአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ግራጫ ሽማግሌ ፈረስ፣ ሲታይ ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይንጎራደዳል፣ ደሙ ላይ ግን የጉበት ኢንዛይሞቹ ከፍ ብለዋል። ሴትየዋ እጄን ይዘው "የዳሚትን ያየኸው አንተ ነህ፣ እርዳኝ" አሉኝ። ፕሮቲን የሚበዛበትን አልፋልፋ አስቀርተን ተራ የሣር ድርቆሽ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ሰጠነው። መጋለብ ቀረ። ቀን ቀን ጥላ ውስጥ አዋልነው፤ ጉበቱ የታመመ ፈረስ አፍንጫውና ነጭ የሆነው ቆዳው በፀሐይ ይቃጠላልና። በየሁለት ሳምንቱ ደም ተወሰደ። በስድስተኛው ሳምንት ቁጥሮቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዛሬም አለ።

ባለቤቴ በነዚያ ቀናት ልብሴን ለብቻ ታጥብ ነበር፤ ዘመዷ በሄፓታይተስ ቢ ስለተሠቃዩ ፈርታለች። ሐኪሟን ጠየቅኳት፤ ይህ ቫይረስ የፈረስ ነው፣ ሰውን እንደያዘ የሚያሳይ ነገር የለም አለችኝ። በፈረስና በፈረስ መካከል ግን አንድ መርፌ ለሁለት አትጠቀሙ። አንድ ሲሪንጅ ለሦስት ፈረስ ሲዞር ያየሁበት ቦታ አለ፤ "መድኃኒቱ አንድ ነው ምን ችግር አለው" እያሉ። ቫይረሱ በደም ነው የሚሄደው፣ በዓይን የማይታይ ጠብታም ይበቃዋል። የጥርስ ሞረድና አፍ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም መሣሪያም ከአንዱ ወደ አንዱ ሳይታጠብ አይሂድ።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፤ ይህን አንብባችሁ ክትባት እንዳትሸሹ። ዳሚትን የጎዳት ክትባቱ አይደለም። በወቅቱ ክትባት ቢኖራት ኖሮ በቆሰለች ቀን የማጠናከሪያ ክትባት ብቻ ይበቃት ነበር፤ ሴረሙ ባላስፈለጋት። ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚያወጣው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባትም ከዚህ ሴረም ጋር አይገናኝም፤ ዘመቻው ሲመጣ ፈረሳችሁን አውጡ። መቶ ዓመት በፊት የቴይለር ፈረሶች የወሰዱት ሴረም የተቀላቀለበት ነበር፣ የዛሬው እንደዚያ አይደለም። አገር ቤት የጋሪ ፈረስ ላይ በየቀኑ ቁስል አለ፤ የመደላድል መላጥ፣ የጎማ ሽቦ፣ ሚስማር። የቆሰለውን ቶሎ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በአካባቢያችሁ የቴታነስ ክትባት የሚገኝ ከሆነም ሳይቆስል ማስከተብ ከምንም ይበልጣል።

ሴረምም የግድ ሲሆን ይሰጣል። ይህን የምለው ባለፈው ማርች 1 ቀን ራሴ ስለወሰንኩት ነው። አዲስ የገባ አንድ ጥቁር ፈረስ፣ እሱም ከጨረታ፣ እሱም ያለ ወረቀት፣ ሚስማር ሰኮናው ውስጥ ሰርስሮ ገባበት። ባለቤቱ ወጣት ልጅ ነው፤ የዳሚትን ታሪክ ሰምቷልና "ሴረሙን አላስወጋም" አለ። ያቺው ሐኪም መጣች። ሦስታችን ጋጣው በር ላይ ቆመን ተነጋገርን። የሰኮና ጥልቅ ቀዳዳ ለመንጋጋ ቆልፍ የሚመች ነው፤ የዛሬ ክትባት ደግሞ ለዛሬ አይደርስም። እኔ ነኝ ስጪው ያልኩት። ከመስጠቷ በፊት ግን ጠርሙሱን አስገልብጬ አየሁት፤ ደም ሰጪዎቹ ፈረሶች ለፓርቮቫይረስ የተመረመሩ መሆናቸውን ጠየቅኩ፣ አምራቹ ያወጣውን ወረቀት በስልኳ አሳየችን። ስሙን፣ የምርት ቁጥሩን፣ የማብቂያ ቀኑን፣ መጠኑን፣ በየትኛው የአንገት በኩል እንደተሰጠ ጻፍኩ። ክትባቱንም በዚያው ቀን አስጀመረችው።

ጋጣው በር ላይ ደብተር በገመድ ሰቅለናል። ከአራተኛው ሳምንት እስከ አሥረኛው ያለው ጊዜ በቀይ ተከቧል፤ በሽታው በአብዛኛው የሚወጣው በዚያ ውስጥ ነው። በየጠዋቱ ልጁ ወይም እኔ ፈረሱን ወደ ብርሃን አውጥተን ዓይኑን እንገልጣለን፣ እህሉን ጨርሶ እንደሆነ እናያለን፣ የሽንቱን ቀለም እንጽፋለን። በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ደም ተወሰደ፤ ጉበቱ ደህና ነው። ሁለተኛው ዙር ክትባትም በመካከሉ ገባ። ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ገንዘብ ለዳሚት በሁለት ሌሊት ከወጣው ሩቡን አይሆንም።

አባቴ በየሳምንቱ ሲደውሉ ከልጆቹ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለዚህ ጥቁር ፈረስ ነው። አይተውት አያውቁም። "ዓይኑስ?" ይላሉ።

ሜይ 10 ቀን አሥረኛው ሳምንት ሞላ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሼ በሩን ከፈትኩ፣ ወደ ፀሐዩ አዞርኩትና የዓይኑን ቆብ ገለጥኩ። ነጭ ነበር፣ ከዳር ቀጭን ቀይ የደም ሥር ብቻ። እጄን ገፍቶ ወደ ግርግሙ ተመለሰ፤ ትናንት ማታ የተውንለት ድርቆሽ አንዲት ሰበዝ አልቀረችም። ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁላቸው።